ከልቅሶ ምስል ወደ ግድግዳ ጌጥ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የሚያርፍበት የእጅ ሥራ

በደቡብ ጎንደር በምሥራቅ በኩል፣ ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ በአንድ ወገን እስከ ጨጨሆ፣ በሌላው ወገን እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚዘልቀው አገር ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። ይህ አገር በሊቃውንት ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ የኪነ ጥበብ ተመራማሪም ወደዚያ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው በአብያተ ክርስቲያናቱ ሕንፃና ሥዕል ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደ ተራ ነገር የሚታለፈውን ሥራ ነው፤ ይኸውም አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ በጥልፍ፣ በዳንቴል፣ በስፌትና በቀለም ወረቀት እየተከበበ የቤት ጌጥ የሚሆንበት የእጅ ሥራ ነው።

በከተማ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ከፎቶ ቤት ጋር የመጣ አዲስ ልማድ አድርጎ ይገምተዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ፎቶግራፉ አዲስ ቢሆንም የገባበት ቦታ አሮጌ ነው። ቦታውን ያዘጋጀለት የልቅሶ ምስል ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አገር፣ በጌምድርን ጨምሮ፣ ታላቅ ሰው ሲሞት ከቀብሩ ሌላ ሰፊ የልቅሶ ሥርዐት ይደረግ ነበር። በልቅሶው አደባባይ የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃው፣ ጋሻውና ጦሩ፣ የተጫነ ፈረሱ ወይም በቅሎው ይቀርባል፤ አልቃሽም ሟቹን እያነሣች ሙያውን ትዘረዝራለች። በዚህ መካከል ‹ምስል› የሚባል፣ ከእንጨት ወይም ከሣር ተሠርቶ የሟቹን ልብስ የሚለብስ ሰው መሰል ነገር ይቆም ነበር፤ ባለፉት ዘመናት አገሩን የጐበኙ መንገደኞችም ይህን ጽፈውታል። ምስሉ በተለይ የሚያስፈልገው ሟቹ በሩቅ አገር ወይም በጦር ሜዳ ወድቆ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር ነው። መርዶ የተረዳ ቤተ ሰብ የሚያለቅስበት አካል ያጣልና ምስሉ የአካሉን ቦታ ይይዛል። እዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ምስሉ በፊቱ ሟቹን እንዲመስል የሚጠይቅ አልነበረም። ልብሱ የእርሱ፣ ጠመንጃውም የእርሱ መሆኑ ይበቃ ነበር። መምሰሉ የመልክ ሳይሆን የንክኪ ነው።

ፎቶግራፍ ይህን ነገር ገለበጠው። ወረቀቱ የሟቹን ፊት በትክክል ያሳያል፤ ነገር ግን ሟቹ የለበሰው፣ የያዘው፣ የነካው ምንም ነገር በላዩ የለም። እንግዲህ የቤቱ እጅ የሚጨምረው ይህን የጐደለውን ነው ብዬ አምናለሁ። ከእናት ቀሚስ የተቈረጠ ጥለት በፎቶግራፏ ዙሪያ ሲሰፋ፣ መቍጠሪያዋ በፍሬሙ ማእዘን ላይ ሲንጠለጠል፣ የወታደሩ ልጅ ምልክት ከመስተዋቱ ሥር ሲገባ፣ ይህ ሁሉ በአደባባይ ከሚቀርበው ልብስና ጠመንጃ ጋር አንድ ነገር ነው። ቋንቋውም ይህን ይደግፋል። አማርኛ ፎቶግራፍን ‹ያነሣል› እንጂ ‹አይወስድም›፤ አልቃሽም ሙትን ‹ታነሣለች›።

ፎቶግራፍ ወደዚህ አካባቢ የቀረበው በጦርነት ነው። በ1860 ዓ. ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመሐንዲሶቹ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት፤ ዓፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዓመት መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጐተቱት በጨጨሆ በኩል ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ጊዜ ፎቶግራፍ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ እንጂ ለባላገሩ አልቀረለትም። በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሠሩ፤ ፎቶ ቤትም ቀስ በቀስ ከመኳንንቱ ወደ ነጋዴውና ወደ ወታደሩ ወረደ። ወደ ገጠሩ ቤት የሚገባው ፎቶግራፍ በአብዛኛው ከሩቅ የሚላክ ነበር፤ ወታደር የሆነ ልጅ ከጦር ሠፈሩ፣ ተማሪ ከጎንደር፣ ለሥራ የወጣም ከአዲስ አበባ በደብዳቤ ውስጥ ይልከዋል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በቻይና ርዳታ ተሠርቶ በ1970ዎቹ ዓ. ም. ካለቀ ወዲህ መላላኩ ቀለለ።

ሌላው ትልቅ ምንጭ ‹ጉርድ ፎቶግራፍ› ነው፤ ለመታወቂያ ወረቀት የሚነሣው፣ ከደረት በላይ ብቻ የሚያሳየው ማለት ነው። ባለቤቱ ሲነሣው ለጽሕፈት ቤት ብሎ ነው። ከሞተ በኋላ ግን ከመታወቂያው ተላቅቆ ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ በዚያም ይተልቃል፣ ይጸዳል፣ አንዳንድ ጊዜም ሟቹ በሕይወቱ ያልለበሰውን ኮት ይለብሳል፤ ዛሬም ይህ ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራል። ከአንድ ባልና ሚስት ሁለት ጉርድ ተወስዶ ጐን ለጐን እንደ ተነሡ ሆኖ ይቀናበራል። ይህን ውሸት ነው የሚል ይኖራል። የልቅሶውን ምስል ያየ ሰው ግን እንዲህ ለማለት የሚቸኩል አይመስለኝም። በብዙ ቤት የአባት ወይም የእናት ብቸኛ መልክ የማኅተም ጠርዝ ያረፈበት ይህ ጉርድ ነው።

አሠራሩ እንደ ቤቱና እንደ ሠሪዋ ይለያያል። በከተማው ቤት በብዛት የሚታየው የጋራ ፍሬም ነው። ሰፊ ፍሬም ከገበያ ይገዛል ወይም አናጢ ይሠራዋል፤ በመደቡ ላይ ቀለም ያለው ወረቀት ወይም ያለፈ ዓመት የቀን መቍጠሪያ ይነጠፋል፤ ከዚያም ዐሥርም ሃያም ፎቶግራፍ ይደረደርበታል። ድርድሩ በዘፈቀደ አይደለም። የሞተው ታላቅ ሰው መካከሉን ይይዛል፤ የተመረቀው ልጅ ከነቆቡ ከጐኑ፣ ሙሽሮቹ ከላይ፣ ሕፃናቱ ወደ ዳር ይሆናሉ። ቦታ ሲጠብ መቀስ ይነሣል፤ ማን ተቈርጦ ማን እንደ ቀረ መመልከትም ስለ ዝምድናው ከረጅም ጥያቄ የበለጠ ይናገራል። የተፋታ ባል ተቈርጦ እጁ ብቻ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ሲቀር፣ ታሪኩን የሚነግረን እጁ ነው።

የጥልፉ ሥራ ሌላ ነው። አቡጀዲ በልክ ይቈረጣል፤ አበባው፣ ወፉ፣ መስቀሉ፣ የሟቹም ስምና የዕረፍቱ ቀን በእርሳስ ይነደፍና በቀለም ክር ይጠለፋል፤ በመካከሉ ለፎቶግራፉ መስኮት ይተዋል፤ ጠርዙም እንዳይተረተር ይዘመዘማል። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል ደግሞ በፍሬሙ ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል።

ከሁሉ ይልቅ አሮጌው ሙያ ጐልቶ የሚታየው በስፌቱ ነው። ስፌቱ እንደ ሰፌድ ከመካከል አይጀመርም፤ በፎቶግራፉ ልክ ከተበጀ ቀለበት ይነሣል። አክርማው ተሰንጥቆ በፈላ ቀለም ይነከርና ይደርቃል፤ ሠሪዋም በወስፌ እየበሳች ስንደዶውን በአክርማ ትጠቀልለዋለች፤ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ፎቶግራፉ በሰፌድ መካከል እንዳለ ዓይን ይሆናል። ከጀርባው ጨርቅ ይሰፋበታል። ለእንጀራ የሚያገለግለው ሙያ ለሙት ሲውል ዘዴው አይለወጥም፤ የሚለወጠው መነሻው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ የልቅሶውን ምስል ቦታ ሲወስድ ያጐደለው ነገር አለ። ለምስሉ ልብስ ይበቃል፤ ለፎቶግራፍ ግን በሕይወት ሳሉ ካሜራ ፊት መቆም ያስፈልጋል። ወታደሩ፣ ተማሪውና ጸሓፊው ሲነሡ፣ ከቤት ያልወጣችው ሴትና ሕፃኑ ሳይነሡ ይቀራሉ። በ1977 ዓ. ም. ረኃብ የሞቱ፣ በሰፈራም ወደ ምዕራብ የሄዱ ብዙ የገጠር ሰዎች ለቤተ ሰባቸው የሚቀር ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን በቆረም ያነሣው የረኃብተኞች ፊት ዓለምን ሁሉ ዞረ፤ ከስማቸው ጋር ወደ ዘመዶቻቸው ግድግዳ የተመለሱት ግን ስንት ናቸው? ፎቶግራፍ ለሌለው ሟች ነጠላው ወይም እንዝርቷ ለብቻው ሲሰቀል ብናይ፣ አሮጌው ሥርዐት ካሜራ ባልደረሰበት በኩል ቀጥሎአል ማለት ነው።

ጌጡ ፎቶግራፉን የሚጐዳበትም ጊዜ ብዙ ነው። ከዱቄት የተሠራ ሙጫ ነፍሳትን ይስባል፤ የምድጃ ጢስ ወረቀቱን ያጠቍራል፤ እርጥበት ሲገባም የፎቶግራፉ ገጽ ከመስተዋቱ ጋር ይጣበቅና ሲያላቅቁት ፊቱ ተልጦ ይቀራል። የጥንቱ ጥቁርና ነጭ በብር የተሠራ ስለ ሆነ በደኅና ከታጠበ ረጅም ዘመን ይኖራል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ. ም. የታተመው ባለ ቀለም ግን በጨለማ ሳጥን ውስጥ እንኳ ቢቀመጥ ቀለሙ ይለቃል። ስለዚህ መቀስና ሙጫ ከመነሣቱ በፊት ቅጅ አስነሥቶ በቅጅው መሥራት፣ ዋናውንም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል። በመስተዋቱና በፎቶግራፉ መካከል የካርቶን ጠርዝ መግባቱም ብዙ ይረዳል።

በሌላ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። በሜክሲኮ የሟች ፎቶግራፍ በተቀረጸ እንጨት ላይ ተለጥፎ፣ በቀለም ተነክቶ፣ ከግማሽ ሐውልት ጋር የሚመሳሰል የቤት ጌጥ ይሠራ ነበር፤ በእንግሊዝም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሟች ጠጕር ከፎቶግራፉ ጋር ይታሰር ነበር። ጂኦፍሪ ባችን በ2004 እ. ኤ. አ. በአምስተርዳም ባዘጋጀው ትርኢትና መጽሐፍ እነዚህን ሰብስቦ፣ ፎቶግራፍ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚዳሰስ ነገር መሆኑን አሳይቶአል። የጠጕሩ ልማድ በኛ ዘንድ የጥለቱን ቦታ የያዘ ይመስላል።

በአገራችንም አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ተጀምሮአል፤ ‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ› የተባለው ሥራ ከየቤቱ የተገኙትን ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳትሞአል። ነገር ግን ሰብሳቢ ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ ሲሄድ ፎቶግራፉን ከፍሬሙ አውጥቶ፣ በመሣሪያ ቀድቶ፣ ፊቱን ብቻ ይዞ ከተመለሰ፣ የያዘው ከምስሉ እኩሌታውን ብቻ ነው። መጀመሪያ የግድግዳው ሁኔታ እንዳለ ይነሣ፤ ከዚያ የፍሬሙ ፊት፣ ቀጥሎም ጀርባው፤ በፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈው ቃል፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የሰፊዋ ስምና ለሟቹ ያላት ዝምድና፣ ጨርቁም ከማን ልብስ እንደ መጣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ ይመዝገብ። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ. ም. በጦርነቱ ለጥቂት ቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር፤ ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ሃያ ፎቶግራፍ የያዘ ፍሬም ተሸክሞ አይሄድም። ዛሬ በአርባና በተዝካር ቀን የሟቹ ፎቶግራፍ በሰፊ ሸራና በካናቴራ ላይ ታትሞ ይወጣል፤ ካናቴራውን ለቀስተኛው ራሱ ስለሚለብሰው፣ የሟቹን ልብስ የሚለብሰው የእንጨት ምስል ተገላብጦ ተመልሶአል ለማለት ይቻላል።