በግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ

ናይሮቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገዛው አንድ ሰው ነው፤ ገመዱ በተቀበረበት ክፍል የሚተኛው ደግሞ ሌላ

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የከፍተኛ ኃይል መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ500 ሺህ ቮልት የሚሠራ ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኬንያ በዚህ መስመር ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ናይሮቢ ማታ ስታበራ ከብርሃኗ ከፊሉ ከኢትዮጵያ ወንዞች የመነጨ ነው። ያን ሁሉ ምድረ በዳ አቋርጦ የመጣውን መስመር መሐንዲሶች ለክተውታል፣ ፈትሸውታል፣ መቆጣጠሪያ ገጥመውለታል። ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ያለውን የመጨረሻ ጥቂት ሜትር የሚወስነው ግን ገዢና ሻጭ ባንኮኒ ላይ የሚከራከሩበት ዋጋ ነው።

ኤሌክትሪክ ቤት ሲያቃጥል እሳቱ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ከጥቂት ሜትሩ ነው። ስለዚህ ገመድ መምረጥ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቤት የሚሠራም፣ ቤት የሚከራይም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለው።

አንድ ስም፣ ሁለት ዋጋ

የናይሮቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ገበያ እምብርቱ መሀል ከተማ ነው። ከሉቱሊ ጎዳና እስከ ሪቨር ሮድና ኛማኪማ ድረስ ያሉት ጠባብ ሱቆች ከአምፖል እስከ ብሬከር የማይሸጡት የለም። ፉንዲው፣ ማለትም ባለሙያው፣ የሚያስፈልገውን ጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ወይም ገንዘቡን ተቀብሎ ራሱ ይገዛል። ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለሻወርና ለምድጃ ባለ 4፣ ባለ 6 ወይም ከዚያ በላይ። ቁጥሩ የሽቦውን ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ይናገራል።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ጥቅሎች አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ አንዳንዴም አንድ ስም ታትሞባቸው፣ በዋጋ ሲራራቁ ነው። ኬንያ የራሷ ገመድ አምራቾች አሏት። ከእነዚህ አንጋፋው ኢስት አፍሪካን ኬብልስ በ1965 የተመሠረተ ሲሆን ፋብሪካው የሚገኘው በናይሮቢ ኢንዱስትሪ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ነው። የታወቀ ስም ደግሞ አስመሳይ ይስባል። የኤሌክትሪክ ዕቃ በአገሪቱ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው ሸቀጦች አንዱ ሆኖ ዓመታት አልፈዋል።

አስመሳዩ የሚሰርቀው መዳቡን ነው። ከገመዱ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መዳብ ስለሆነ። የመዳብ ዋጋ በዓለም ገበያ በ2021 በቶን 10 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2024 ደግሞ 11 ሺህ ተሻገረ። ዋጋው በወጣ ቁጥር ሽቦውን ማቅጠን ያጓጓል። ሌላው መንገድ አልሙኒየሙን በስሱ መዳብ ለብጦ መሸጥ ነው። ላዩ ሲታይ ቀይ ነው፤ ውስጡ ነጭ።

የተጻፈው ሲቀጥን

ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። የቤት ገመድ የሚዳኝበት ዓለም አቀፍ መለኪያ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን ሽቦው ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየውን መቋቋም ይመለከታል። ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ7.41 ኦም መብለጥ የለበትም፤ ባለ 1.5 ደግሞ ከ12.1። እንግዲህ «2.5» ተብሎ የተሸጠው ሽቦ በእውነቱ 1.5 ከሆነ፣ ያው ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከ60 በመቶ በላይ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል። በዚያ ላይ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ከሆነ ሙቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ብሬከሩ ይህን አያውቅም። ብሬከር የሚመረጠው በተጻፈው ቁጥር ነው፤ ለባለ 2.5 ገመድ 20 አምፔር ሲገጠምለት፣ ከ20 በታች ያለውን ፍሰት ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል። ገመዱ ግን ግድግዳው ውስጥ ይግላል። የተለመደው የፕላስቲክ ልባስ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲችል ነው። ከዚያ ሲያልፍ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ፌዙና ኒውትራሉ ይገናኛሉ። አልሙኒየሙ ደግሞ በሶኬትና በብሬከር ብሎን ስር ሲግልና ሲቀዘቅዝ እየላላ፣ ላዩም እየዛገ፣ መጋጠሚያውን ያቃጥለዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም። ቤቱ ተመርቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ተከራይ ገብቶ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ገመዱን ማን እንደሸጠ የሚያስታውስ የለም።

ምጣዱና ሻወሩ

በናይሮቢ ቤቶች ገመዱን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ሻወር ራስ ላይ የሚገጠመው ቅጽበታዊ የውኃ ማሞቂያ ነው። 5,500 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ በኬንያ 240 ቮልት ወደ 23 አምፔር ይጎትታል። ከዚያ የሚበልጡ ማሞቂያዎችም አሉ። ይህ ከሶኬት መስመር ጋር መቀላቀል የሌለበት፣ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር የሚያስፈልገው ዕቃ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ሌላ ጉዳይ አለ፦ የእንጀራ ምጣድ። ከአዲስ አበባ የመጣ ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ናይሮቢ ላይ ሲሰካ ወደ 4,200 ዋት ይጠጋል፤ 17 አምፔር ያልፋል። የኬንያ ባለ ሦስት እግር ሶኬት የተሠራው ለ13 አምፔር ነው። መሰኪያው ውስጥ ያለው ፊውዝ ደግሞ ትንሽ ሲበዛበት ወዲያው አይቆርጥም፤ ለረጅም ጊዜ ሊሸከም ይችላል። በዚህ መሀል የሶኬቱ ፕላስቲክ ይጠቁራል፣ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ብሬከሩም 20 አምፔር ስላልደረሰ ዝም ይላል። እንጀራ የሚጋገረው ደግሞ ለአምስት ደቂቃ አይደለም። አንድ ሊጥ እስኪያልቅ ሰዓት ያልፋል፤ ገመዱ በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደጋለ ነው።

ስለዚህ ምጣድ የሚጠቀም ቤተሰብ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የተሳበ ቢያንስ ባለ 4 የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና በብሎን የሚታሰር ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። የማራዘሚያ ገመድ ለምጣድ አይሆንም። ተከራይ ቤት ሲያይ ስለ ውኃና ስለ መኪና ማቆሚያ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ይህን መስመር መጠየቅ አለበት።

ሱቅ ላይ ምን ይደረጋል?

መዳብ ከባድ ነው፤ አልሙኒየም ቀላል። ይህ ልዩነት ለገዢ ትልቅ መሣሪያ ነው። የመዳቡን ክብደት በግራም ለማግኘት ውፍረቱን በርዝመቱ፣ ከዚያም በ8.9 ማባዛት ነው። 90 ሜትር የሆነ ባለ 2.5 ጥቅል መዳቡ ብቻ 2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከነልባሱ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። የተለበጠ አልሙኒየም ከሆነ ሽቦው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከነልባሱ ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ጥቅል ወይ መዳቡ ጎድሏል፣ ወይ ርዝመቱ አጥሯል፣ ወይም መዳብ አይደለም። ጎን ለጎን ሁለት ጥቅሎች በእጅ ቢነሱ እንኳ ልዩነቱ ይሰማል።

ክብደት ብቻውን አይበቃም። ልባሱን አወፍሮ ሚዛን መሙላት ስለሚቻል ጫፉን ማየት ያስፈልጋል። ሽቦው ሲፋቅ ውስጡ ከነጣ መዳብ አይደለም። አንድ ወጥ የሆነ ባለ 2.5 ሽቦ ዲያሜትሩ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 1.5 ደግሞ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፉንዲው መለኪያ ካለው ባንኮኒው ላይ ይለካዋል። ልባሱ ላይ የአምራቹ ስም፣ የውፍረቱ ቁጥርና የቮልቱ መጠን በየተወሰነ ርቀት እየተደጋገመ መታተም አለበት። በጣት ሲታሽ የሚለቅ ጽሑፍ ያጠራጥራል።

የኬንያ ደረጃዎች ቢሮ አገር ውስጥ ለሚመረቱ ዕቃዎች የጥራት ምልክት ይሰጣል። ገዢ የፈቃዱን ቁጥር በስልክ ወደ 20023 በመላክ ማረጋገጥ ይችላል። ምልክቱም ሊሰረቅ ስለሚችል ዓይን ያየውን ቁጥሩ ቢያረጋግጠው ይሻላል። ብዙ ገመድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከፋብሪካው ወይም ፋብሪካው ከሚያውቀው አከፋፋይ ቢገዛ፣ ደረሰኙም ላይ የአምራቹ ስምና የገመዱ ዓይነት እንዲጻፍ ቢያደርግ፣ በኋላ የሚጠይቀው ሰው ይኖረዋል። «የኤሌክትሪክ ዕቃ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ማንንም አያስጠይቅም።

ሕግ አለ፤ ግድግዳው ግን ዝግ ነው

ኬንያ ሕግ አላጣችም። የደረጃዎች ቢሮው በ1974 ተቋቁሟል። አስመስሎ መሥራትን የሚከለክለው አዋጅ በ2008 ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመው ተቋምም ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። የኢነርጂና ነዳጅ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች በየደረጃው ፈቃድ ይሰጣል። አዲስ ቤት ከመስመር ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ኬንያ ፓወር ፈቃድ ካለው ባለሙያ የተሰጠ የዝርጋታ ማረጋገጫ ይጠይቃል።

በ2018 መንግሥት በሕገወጥና በአስመሳይ ሸቀጥ ላይ ሰፊ ዘመቻ ከፈተ፤ መጋዘኖች ተፈተሹ፣ ብዙ ዕቃ ተያዘ። የኛማኪማና የጊኮምባ ገበያዎች ትንንሽ ነጋዴዎች ኮንቴይነራችን ያለ አግባብ ተያዘብን ብለው ጮኹ። በ2019 የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዕቃቸው እንዲለቀቅላቸው አዘዙ። ሁለቱም ወገን የሚደመጥ ነገር ነበረው። ከቻይና በጋራ ኮንቴይነር ትንሽ ዕቃ ማስመጣት ለነጋዴው ልጆቹን የሚያሳድግበት ሥራ ነው። የቀጠነ ገመድ ደግሞ ሰው ይገድላል። ዘመቻ ሲመጣ ሁለቱን ሳይለይ ይጠርጋል፤ ሲያልፍ ደግሞ ሁለቱን ሳይለይ ይተዋል። የሚበጀው በየጊዜው ከሱቅ ናሙና እየገዙ መለካትና ውጤቱን በአምራቹ ስም ለሕዝብ ማሳወቅ ነው።

ከዚያ ዘመቻ በፊትም ከተማዋ እየተለወጠች ነበር። በ2015 የመስመር ማስገቢያ ክፍያ ከ35 ሺህ ሽልንግ ወደ 15 ሺህ ሲወርድ ብዙ ቤቶች ብርሃን አገኙ። ይህ ትልቅ በጎ ነገር ነው። የዝርጋታው ጥራት ግን ከፍጥነቱ እኩል አልሄደም። በካዮሌና በፓይፕላይን ሰፈሮች ፎቆች በፎቅ ላይ ይቀጠላሉ፤ በሙኩሩና በማታሬ ቀጫጭን ገመዶች ከቆርቆሮ ቤት ወደ ቆርቆሮ ቤት ይሳባሉ። ማረጋገጫው የሚጠየቀው መጀመሪያ ሲገናኝ ነው። በኋላ የሚጨመረውን ክፍል፣ የሚቀጠለውን መስመር፣ የሚገጠመውን ሻወር ማንም አያይም።

ገዢውና ተኚው

የናይሮቢ ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ ነው። የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ገመዱን የሚገዛው አከራዩ ነው፣ ወይም ሥራውን በጥቅል ዋጋ የወሰደው ፉንዲ። ከአንድ ጥቅል የተረፈው ገንዘብ ለእነሱ ዛሬ ይገባል፤ አደጋው ግን ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። ተከራዩ ገመዱን አልመረጠም፣ አላየውም፣ ግድግዳ ፈልፍሎ ሊያየውም አይችልም። «ገዢ ይጠንቀቅ» የሚለው ምክር ለእሱ ምንም አይፈይድም።

ሌላ አገር የሆነውን ማየት ይጠቅማል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2010 እስከ 2013 «ኢንፊኒቲ» በሚል ስም የተሸጠ የቤት ገመድ ልባሱ ያለጊዜው እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ ታወቀ። በ2014 የአገሪቱ የሸማቾች ባለሥልጣን ገመዱ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችና የንግድ ሕንፃዎች ውስጥ መግባቱም ተገመተ። ሀብታም አገርም ይታለላል። ልዩነቱ ገመዱ ስም፣ የሽያጭ መዝገብና ተጠያቂ ሻጭ የነበረው መሆኑ ነው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመርበት ቦታ ነበረ። ናይሮቢ ውስጥ ነገ እንዲህ ያለ ጥሪ ቢወጣ የትኛው ግድግዳ ይፈለፈላል? መልሱ የሚገኘው የተጻፈ ነገር ካለ ብቻ ነው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የኪራይ ውል ሲፈረም አከራዩ የዝርጋታውን ማረጋገጫ ቅጂ፣ የሠራውን ባለሙያ የፈቃድ ቁጥርና የገመዱን አምራች ስም ለተከራዩ ይስጥ። ምጣድ የሚገባበት ቤት የተለየ መስመር እንዳለው በውሉ ይጻፍ። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ዝርጋታው እንደገና ይለካ፤ አሮጌ ልባስ የደረሰበትን ሁኔታ መሣሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል። የኢትዮጵያውያን ዕድሮችና ማኅበራት ለሐዘን የሚያዋጡትን ያህል ባይሆንም፣ ጥቂት አዋጥተው ፈቃድ ያለው ባለሙያ የአባሎቻቸውን ቤት እንዲፈትሽ ቢያደርጉ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ያ ነው። ይህ ምክር ለመርካቶ ገዢም፣ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ አከራይም ያው ነው።

ቤት ለማከራየት የሚሠራ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ሲገባ ጥቅሉን ሚዛን ላይ ያስቀምጥ፣ ስሙን ደረሰኙ ላይ ያስጽፍ፣ ደረሰኙንም ያኑር። የዋጋው ልዩነት ከጥቂት ወር ኪራይ ይወጣል። ተከራዩም ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ያንን ወረቀት ይጠይቅ። አከራዩ ማሳየት ካልቻለ ሌላ ቤት ቢፈልግ ይሻለዋል።