ሚስት ስትተኛ ባል የሚነቃበት ትዳር

ባለ ሸራ ጀልባ ላይ መኖር ሲባል ትዝ የሚለን ፊልም ላይ ያየናት፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ ፀሐይ የምትሞቀው ቆንጆ ናት። ኧረ የት ተገኝቶ! አሥራ ሁለት ሜትር በማትሞላ ጀልባ አትላንቲክን ለሚያቋርጡ ባልና ሚስት ኑሮው ሌላ ነው።

ብዙዎቹ ከካናሪ ደሴቶች ተነስተው ወደ ካሪቢያን ነው የሚሄዱት። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱ ከቀና ሦስት ሳምንት ግድም ይፈጃል። የሚነሱትም ክረምቱን ሙሉ ሲያሰጋ የከረመው አውሎ ነፋስ ጋብ ሲል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማስመለስ ብቻ! ከዚያ ሰውነት ይለምዳል። ምድጃው ተንጠልጥሎ ከማዕበሉ ጋር ስለሚወዛወዝ ድስቱ አይደፋም፤ ሳህን ላይ የወጣውን ግን እግዜር ይጠብቀው። ዕቃ የሚታጠበው በባህር ውሃ ነው።

ጣጣው ሌሊት ነው። ጀልባ እንደ መኪና ዳር አስይዘው የሚተኙባት አይደለችም። ስለዚህ ሦስት ሦስት ሰዓት እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። ቀንና ሌሊት አብረው ናቸው፣ አልጋ ላይ ግን አይገናኙም! ተራ ሲቀያየሩ "ቡናው ትኩስ ነው፣ በግራ በኩል መርከብ አለ" ይባባላሉ፣ በቃ።

ጥቁር ደመና ከኋላ ሲመጣ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሸራው ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ሸራው ቀደም ብሎ ካልተቀነሰ ይቀደዳል፣ ምሰሶም ሊሰበር ይችላል። ታዲያ ባል "ትንሽ እንይ፣ ጥሩ እየሄድን ነው" ይላል፤ ሚስት "አሁኑኑ ቀንስ!" ትላለች። የቆዩ ባሕረኞች ለእሷ ነው የሚፈርዱት፤ መቀነስ በሐሳብ ከመጣ ሰዓቱ ደርሷል ባዮች ናቸው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ሌላም ደንብ አለ። ተረኛው ራሱን በገመድ ሳያስር፣ የተኛውንም ሳይቀሰቅስ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አይሄድም። በጨለማ ቢወድቅ ሌላው የሚያውቀው ተራው ደርሶ ሲነቃ ነዋ! ያን ጊዜ ጀልባዋ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር እየተጓዘች ስንት ርቃለች? እኛ ቤት ሰው ተኮራርፎ ጀርባ ሰጥቶ ያድራል። እዚያ ግን የተኛው ሰው ነፍስ ያኮረፈው እጅ ላይ ናት።

ዝናቡ በግማሽ ሰዓት ያልፍና ነፋሱ ጭራሽ ይጠፋል። ሸራው ይንፏቀቃል፣ ጀልባዋ ባለችበት ትንገላታለች፣ ጠቡም ያን ጊዜ ይጀመራል፤ "ብለህ አልነበር!" "ብለሽ አልነበር!"

ካሪቢያን ደርሰው መልህቅ የጣሉ ዕለት መሬቱ ራሱ የሚወዛወዝ ይመስላቸዋል። ድግስም ሽርሽርም አያምራቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አልጋ ይተኛሉ።