ገበያው ወደ ስልክ ቢዛወርም ሕጉ አይለወጥም

በቢቸናና በሞጣ ገበያ የሚሸጠው የበሬ ቆዳ፣ የበግ ሌጦ፣ ማርና ሰም የገበሬው የላብ ፍሬ ነው፤ መሸጡም መብቱ ነው። የነብር ለምድ፣ የጉሬዛ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ግን የሰፊው ሕዝብ የጋራ ሀብት እንጂ የግለሰብ ሸቀጥ አይደሉም።

ይህንኑ በመገንዘብ ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ተቀበለች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ የዱር እንስሳትን ውጤት ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በገንዘብና በእስራት እንደሚያስቀጣ ደነገገ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ በእሳት ተቃጠለ።

ዛሬ ሕገ ወጡ ነጋዴ ከአደባባይ ሸሽቶ በስልክ መስኮት ብቅ ይላል። ሽያጭ ግን በሜዳም ሆነ በስልክ ያው ሽያጭ ነው። ታላላቅ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ይህን ንግድ ለመግታት በ2010 ዓ.ም. ኅብረት መሥርተዋል። ይሁን እንጂ ለትርፍ የቆመ ኩባንያ ብቻውን የሕዝብ ሀብት ዘበኛ ሊሆን አይችልም። ወጥመድ ያጠመደው ድሃ ወኅኒ ሲወርድ፣ ትርፉን የሚያፍሰው ደላላው ነው።

ስለዚህ የየቀበሌው ነዋሪና የየማኅበሩ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ዕቃ አይግዛ፤ ማስታወቂያውን አያሠራጭ፤ ባየም ጊዜ ለሕግ ያሳውቅ። ከዓባይ ሸለቆ የጠፋ ነብር በማንኛውም ገበያ ተገዝቶ አይተካም!