ኢንሱሊንና የመንዝ ውርጭ

«የቴክኖሎጂ ተጠቃሚነት» ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኮምፒውተርና ሞባይል ስልክ ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን ቴክኖሎጂ ማለት አስቀድሞ ሁለት ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሳይበላሽ የሚቆይበት ስፍራና የደሙን ስኳር የሚለካበት መሣሪያ። ሁለቱም ከፊዚክስ ሕግ አያመልጡም። ይህንን ለመረዳት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ወደምትገኘው ሞላሌ እንውጣ።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከተገኘና በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ከተሰጠ ወዲህ የሚሊዮኖችን ሕይወት አትርፏል። ሆኖም ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀትም በረዶም ያበላሸዋል። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይገባዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ እርጥብ ሸክላ ይረዳል፤ ከሸክላው የሚተነው እያንዳንዱ ግራም ውኃ 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሞላሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ስፍራ ይበልጥ የሚያሰጋው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ነው። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መድኃኒትነቱ አይታመንምና መጣል አለበት። ስለዚህ ብልቃጡ በውርጭ ሌሊት ሰው በሚያድርበት ክፍል፣ በልብስ ተጠቅልሎ፣ ከምድጃ ርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ግን በዚያው ዕለት ከሙቀት ሊጠብቀው ይገባል።

መለኪያውስ? በመለኪያው ወረቀት ላይ ያለው ኤንዛይም ከስኳሩ ኤሌክትሮኖችን ይወስዳል፤ መሣሪያውም የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በተባለው ኤንዛይም በሚሠሩት ላይ በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እነዚያኑ ኤሌክትሮኖች ይሻማል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኦክሲጅኑ ሲያንስ ሽሚያው ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ከእውነተኛው በላይ ሊያነብ ይችላል። ያንን ቁጥር አምኖ ኢንሱሊን የሚጨምር ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። በመሣሪያው መመሪያ ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ከታየ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢል ስኳር ያለው ነገር ቶሎ መውሰድና የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

መሣሪያ ብቻውን አያድንም። የጎንደር ሐኪሞች የስኳር ሕክምናን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው በሠለጠኑ ነርሶች እንዲካሄድ ማድረጋቸው ለብዙዎች የመንገዱን ድካም አቅልሏል። ለእናንተ ለተማሪዎች የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ለመንዝ ሌሊትም ለጀማ ቀትርም የሚሆን የኢንሱሊን ማስቀመጫ ማን ይሠራ ይሆን?