የአፈሩ እስስት

በመስኖ ስንዴ የሚያለማ ገበሬ ወረፋው ሲደርስ ውሃውን ይለቃል። ማሳው ጠምቶት እንደሆነ ቆም ብሎ የሚጠይቅበት ፋታ የለውም፤ ዛሬ ካላጠጣ ቦዩ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ ተመልሶ እስኪመጣም ቀናት ያልፋሉ። ጠንቃቃው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ጫር ያደርግና እፍኝ ያህል ይዞ ይጨምቃል። ድቡልቡል ሆኖ ከተያያዘ እርጥበት አለ፤ ተፈርፍሮ በጣቶቹ መሃል ከወረደ ደርቋል። ከአባት የተወረሰ፣ የሚታመን ዘዴ ነው። ነገር ግን እጅ የሚደርሰው ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ላዩ ተሰነጣጥቆ ሳለ ታቹ ውሃ የጠገበ ማሳ አለ፤ ላዩ ርሶ ሥሩ የተጠማም አለ።

ያንን የማይታየውን ክፍል ለማሳየት የተሠራ መሣሪያ ካሜሊየን ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ እስስት። ሰውን እስስት ስንል ማመስገናችን አይደለም፤ ይህች ግን ቀለሟን የምትለውጠው እውነቱን ለመናገር ነው። የሠሯት በአውስትራሊያው የምርምር ድርጅት በሲኤስአይአርኦ ሳይንቲስቱ ሪቻርድ ስቲርዛከርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ መራዊ አጠገብ፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ በተሠራው የቆጋ መስኖም ተሞክራለች።

ትንንሽ ሴንሰሮች በተለያየ ጥልቀት፣ ለምሳሌ 20፣ 40 እና 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀበራሉ፤ ሽቦዎቻቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። ገበሬው ማንበቢያውን ከሽቦው ጋር ሲያገናኝ ለእያንዳንዱ ጥልቀት አንድ መብራት ይበራል። ሰማያዊ እርጥብ፣ አረንጓዴ ልከኛ፣ ቀይ ደረቅ ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ መሃሉና ታቹ ሰማያዊ ከሆኑ፣ ሥሩን ወደ ታች የሰደደ ስንዴ ውሃ አላጣም፤ ጥቂት ቀን ይታገሣል።

እኔን የሚማርከኝ መሣሪያዋ የምትለካው ነገር ነው። የታጠበ ጋቢ ሲጨመቅ የመጀመሪያው ውሃ በራሱ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ግን ክንድ ያደክማል። አፈርም እየደረቀ ሲሄድ የቀረችውን ውሃ አጥብቆ ይይዛል። መረሬ ብዙ ውሃ ይዞ እንኳ ለሥሩ አልለቅም ሲል፣ አሸዋማ አፈር ጥቂቷን በቀላሉ ይሰጣል። ስለዚህ "አፈሩ ውስጥ ስንት ውሃ አለ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን ያሳስታል። ጥያቄው ሥሩ ውሃውን ለመምጠጥ ምን ያህል ይለፋል ነው። ያ ልፋት በኪሎ ፓስካል ሲለካ እስከ 20 ገደማ ሰማያዊ፣ ከዚያ እስከ 50 አረንጓዴ፣ ከ50 በላይ ቀይ ይበራል። ለዚህም ነው አንዱ ቀለም በቀይ አፈርም በመረሬም ያው ትርጉም የሚኖረው።

ከእስስቷ የምትቀድም ታላቅ እህት አለቻት፤ ፉልስቶፕ ትባላለች። ከመሬት በታች የምትቀበር፣ አፏ ሰፍቶ ታቿ የሚጠብ ማንቆርቆሪያ ናት። ከላይ የወረደው ውሃ እሷ ጋ ሲደርስ ወደ ጠባቡ ክፍል ይጠራቀምና ተንሳፋፊውን ያነሣል፤ ከማሳው ላይ ምልክቱ ብቅ ይላል። አንዷን ከፍ አድርገው፣ ሌላዋን ዝቅ አድርገው ይቀብሯቸዋል። የታችኛዋ ምልክት ባጠጡ ቁጥር የሚነሣ ከሆነ ውሃው ሥሩን እያለፈ ነው። ብቻውንም አይሄድም፤ ገበሬው በውድ የገዛውን ዩሪያ ይዞ ይወርዳል። ከማንቆርቆሪያዋ በቀጭን ቱቦ ውሃ በስሪንጅ ስበው ዩሪያው አፈር ውስጥ የሚለወጥበትን ናይትሬት ሲመረምሩ ጥፋቱ በዓይን ይታያል። ቢጫ ቅጠል ያየ ሰው ውሃ አነሰው ብሎ ሲጨምር፣ እውነቱ መብዛቱ ሊሆን ይችላል።

 

ሆኖም በወረፋ በሚጠጣ መስኖ መብራቱ ብቻውን ማሳ አያድንም። ሦስቱም ሰማያዊ የሆኑበት ገበሬ ዛሬ ወረፋዬን ልለፍ ቢል፣ ሲቀላ ይመለስለታል? ካልተመለሰለት ሰማያዊውን እያየም ያጠጣል፤ አልፈርድበትም። ወረፋው እንደ አፈሩ ቀለም እንዲለዋወጥ ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባትና ማኅበርተኞቹ ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው መስማማት አለባቸው። ያኔ ከላይ የተረፈው ውሃ እስከ ቦዩ ጫፍ፣ በየዓመቱ ሰብሉ ደርቆ እስከሚቀርበት ሰው ማሳ ይወርዳል።