ከሰሊጥ ማሳ የሚመለስ ትኩሳት

ሰበታና ሆለታ አካባቢ በአበባ እርሻ የሚሠራ ሰው ዓመቱን ሙሉ በአንድ በር ይገባል፤ ቢታመም የሚያውቀው ጤና ጣቢያ፣ ቢበደል አቤት የሚልበት ቢሮ ቅርቡ ነው። ወደ መተማ፣ አብደራፊና ሁመራ ለሰሊጥ የሚወርደው የወቅት ሠራተኛ ግን ይህ ሁሉ የለውም። በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋዎች የሚነሳው ወጣት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው ከቆባው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ሌት ተቀን ከማሳው አይርቅም፤ የሚያድረውም በዳስ ወይም በሜዳ ላይ ነው። የቆላው ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥና በግራሩ ሥር ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ ማታ ማታ ስትነክስ ካላዛርን ታስተላልፋለች። በሽታው ትኩሳቱን ለሳምንታት ያቆየዋል፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል።

ክፋቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከወራት በኋላ፣ ሠራተኛው ደመወዙን ይዞ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ካላዛር በማይታወቅበት ወረዳ ወረርሽኝ ተነሳ፤ ባለሙያዎች መነሻው ከሁመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። በኋላ የተደረገው ጥናት ሌሊት ደጅ የሚተኙና ቀን ከግራር ሥር የሚያርፉ ሰዎች ይበልጥ ለበሽታው እንደሚጋለጡ አሳየ።

እርዳታው ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላዛርንም የእባብ ንድፊያንም ሲያክም ቆይቷል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለበሽታው የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ነገር ግን የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ መርፌ መወጋት ነው። ለቀን ሠራተኛ ይህ የ17 ቀን ገቢ ማጣት ነው፤ አስታማሚ ዘመድም ሥራውን ይፈታል። መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ማደሪያው፣ ምግቡና የመመለሻ ትራንስፖርቱም የሕክምናው አካል ተደርገው መታሰብ አለባቸው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወቅት ሥራን ያውቀዋል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። አዋጁ ግን ሥራው በሚሠራበት አካባቢ ያለ ነባር በሽታን፣ ያንኑ በሽታ በመከላከል ሥራ ላይ ከተሰማሩት ሠራተኞች በቀር፣ በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ አይቆጥረውም። ስለዚህ ለሰሊጥ ሲል ግራር ሥር ያደረው ወጣት በካላዛር ቢያዝ ካሣ የሚጠይቅበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህ አንቀጽ እንደገና መታየት ይገባዋል።

እስከዚያው አሠሪዎች አጎበርና የተሻለ ማደሪያ፣ ወረዳዎች ደግሞ የሚሄደውንና የሚመለሰውን የሚመዘግብ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያዘጋጁ። እርስዎም ከቆላ የተመለሰ ልጅ ወይም ወንድም ካለዎት፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና የወባ ምርመራው ነጻ ካለው፣ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቁ።