ከፈርነሱ ጎን ያለችው ማጣሪያ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሐበሾች በሚኖሩባቸው ብዙ ቤቶች ክረምት ማሞቂያውም በጋ ማቀዝቀዣውም የሚሠራው በአንድ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው የቤቱን አየር ስቦ በፈርነሱ ወይም በኤሲው ያሳልፈውና መልሶ ወደ ክፍሎቹ ይገፋዋል። በዚህ መንገድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ከፈርነሱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍተት፣ አንዳንዴም ግድግዳ ላይ ካለ ፍርግርግ ጀርባ፣ የካርቶን ፍሬም ያላት እጥፍጥፍ ማጣሪያ ትቀመጣለች። ቤት የሚገዛ ሰው ስለ ጣሪያውና ስለ ሞርጌጁ ወለድ አጥብቆ ይጠይቃል። ስለዚህች ማጣሪያ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ቤተሰቡ የሚተነፍሰው አየር ግን በእሷ በኩል ነው የሚመላለሰው።

መጀመሪያ የታሰበችው ለሰው አልነበረም። አቧራ ማራገቢያውንና የኤሲውን ቱቦዎች እንዳይደፍን ነው የተሠራችው፤ ወዲያ ማዶ የሚያሳየው ርካሹ የፋይበርግላስ ዓይነት ዛሬም ከዚህ የዘለለ ሥራ የለውም። ለሳንባ የሚበጀውን የሚለየው ፍሬሙ ላይ የሚታተመው ሜርቭ የተባለ ቁጥር ነው። ደረጃውን ያወጣው አሽሬ የሚባለው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን ከ1 እስከ 16 ይሄዳል። ሜርቭ 8 ከ3 እስከ 10 ማይክሮን ከሆኑ ብናኞች ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲይዝ ይጠበቃል፤ ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ላሉት ደቃቆች ግን ምንም ግዴታ የለበትም። ከእነዚህ ደቃቆች ሜርቭ 11 ቢያንስ 20፣ ሜርቭ 13 ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶውን መያዝ አለበት። ሆም ዲፖ የተባለው መደብርና ፊልትሬት የተባለው የማጣሪያ ብራንድ የየራሳቸውን ቁጥር ስለሚያትሙ ገዢ ይደናገራል፤ የፊልትሬት 1900 ከሜርቭ 13 ጋር አንድ ነው።

ለእኛ ቤት ዋናው ጉዳይ ደቃቆቹ ናቸው። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ከሚነሡት ብናኞች አብዛኞቹ ከ1 ማይክሮን ያንሳሉ፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሯቸውም፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳሉ። ብዙ እናቶች የእንጀራ ምጣዱን ወደ ጋራዥ አውጥተውታል። የቡናውና የዕጣኑ ቦታ ግን ሳሎን ነው፤ እዚያው እንዲቆይም እወዳለሁ። ማጣሪያውን በደንብ መምረጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ማጣሪያ እንደ ወንፊት የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከቀዳዳው የሚያንስ ሁሉ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ጭስን የሚያቆመው ነገር ባልተገኘ ነበር። ትልልቆቹ ብናኞች ከአየሩ ጋር መታጠፍ ስለማይችሉ ክሩን ይገጩና ይጣበቃሉ። እጅግ ደቃቆቹ ደግሞ የአየር ሞለኪውሎች እየገፏቸው ወዲያ ወዲህ ሲዋልሉ ከክሩ ጋር ይገናኛሉ። አስቸጋሪዎቹ መካከለኞቹ፣ 0.3 ማይክሮን አካባቢ ያሉት ናቸው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ የሚፈተነውም በዚህ ልክ ነው፤ 99.97 በመቶውን መያዝ አለበት።

ታዲያ ለምን ሄፓውን ፈርነሱ ውስጥ አንከተውም? ማራገቢያው በዚያ ጥብቅ ነገር ውስጥ በቂ አየር መሳብ ስለማይችል ነው። ሜርቭ 13 እንኳ ባለ 1 ኢንች ከሆነ አንዳንድ አሮጌ ፈርነሶችን ያስጨንቃል፤ አየሩ ሲያንስ በበጋ የኤሲው ቱቦ በረዶ ይይዛል፣ በክረምት ፈርነሱ ከልክ በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ምክርም ሜርቭ 13 ወይም ማሽኑ የሚችለውን ያህል ከፍተኛ ቁጥር መጠቀም ነው። ባለ 4 ኢንች ማስገቢያ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው፤ እጥፋቶቹ ጥልቅ ስለሆኑ አየሩ ሰፊ ገጽ ያገኛል። ማስገቢያው ባለ 1 ኢንች ከሆነና ማሽኑ ካረጀ፣ በየሁለት ወሩ የሚቀየር ሜርቭ 11 ዓመት ሙሉ ከሚረሳ ሜርቭ 13 ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላም አለ። ቴርሞስታቱ ላይ ማራገቢያው «አውቶ» ላይ ከሆነ አየር የሚንቀሳቀሰው ማሞቂያው ወይም ኤሲው ሲሠራ ብቻ ነው። በሚያዝያ ወይም በጥቅምት ቡና ተፈልቶ ሳሎኑ በጭስ ሲሞላ ማሽኑ ዝም ካለ፣ የትኛውም ሜርቭ አንዲት ብናኝ አይይዝም። ያን ቀን ማራገቢያውን «ኦን» ላይ አድርጎ ሦስት አራት ሰዓት ማቆየት ነው።

ማዕከላዊ ፈርነስ በሌለው አፓርትመንት፣ ወይም አስም ያለበት ልጅ በሚተኛበት ክፍል፣ ለብቻው የሚቆም ሄፓ ያለው ማሽን ይመረጣል። እዚህ የሚታየው ሲኤዲአር የሚባለው ቁጥር ነው፤ ማሽኑ በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ ይናገራል። ለጭስ የተጻፈው ቁጥር ከክፍሉ ስፋት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ይሁን፤ ለ300 ስኩዌር ጫማ ሳሎን 200 ማለት ነው። ቁጥሩ የሚለካው ማሽኑ በመጨረሻ ኃይሉ እየጮኸ ሲሠራ ስለሆነ፣ ከፍ ያለውን ገዝቶ በዝቅተኛ ድምፅ ማሠራት ለእንቅልፍ ይመቻል። ኦዞን እያመነጨሁ አየር አጸዳለሁ የሚለውን ዓይነት መግዛት አያስፈልግም፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን ይጎዳል። ገንዘብ ላጠረው መሐንዲሱ ሪቻርድ ኮርሲና የማጣሪያ አምራቹ ጂም ሮዘንታል በ2020 ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፦ አራት ሜርቭ 13 ማጣሪያዎች በካሬ ይቆሙና ከታች በካርቶን፣ ከላይ በ20 ኢንች ማራገቢያ ይዘጋሉ፤ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። በሰኔ 2023 የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ የዋሽንግተንን ሰማይ በሸፈነ ጊዜ እንዲህ ያለ ሳጥን ላለው ቤት ትልቅ እፎይታ ነበር።

የፈርነሱ ማጣሪያ ልክ አሮጌው ፍሬም ጠርዝ ላይ ተጽፏል፣ 16 በ25 በ1 እንደሚል። ፍሬሙ ላይ የታተመው ቀስት ወደ ማራገቢያው አቅጣጫ ይዙር።

ከእነዚህ ማጣሪያዎች ሁሉ አንዱም የማይይዘው ግን አለ፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ። ጋዝ ስለሆነ፣ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ በሄፓውም በሜርቭ 13ቱም እንደ ንጹሕ አየር ያልፋል፤ በየማሽኑ የሚገጠመው የሽታ መምጠጫ ካርቦንም አያቆመውም። መስኮቱ በተዘጋበት የጥር ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ሰው ይገድላል። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣድ፤ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ላይ ይጨስ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደግሞ በየፎቁ፣ በተለይም መኝታ ክፍሎች አጠገብ፣ ይሰቀል።